ወጊው አልረሳም፣ መጀመሪያውኑ አላወቀም

ባለፈው አንድ ጨዋታ እያየሁ ራሴን ታዘብኩት። የምን ስፖርት እንደሆነ ይቅር፣ የአገሮቹም ስም ይቅር፣ ዋናው ነገር አንዱ የአንድ በጣም ትልቅ አገር ቡድን ነበር፣ ሌላኛው ደሞ ስለሱ አንድም ቀን አስቤ የማላውቀው፣ ካርታ ላይ አሳየን ብትሉኝ ጣቴ ትንሽ የሚዞርበት አገር ቡድን። ትልቁ ሲሸነፍ ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ጮህኩ። ጎሉን ወንድሜ ያገባው ነው የሚመስለው። ቁጭ ካልኩ በኋላ ግን "ቆይ ግን እኔ ምን ሆኛለሁ?" አልኩ። በእጄ የያዝኩት ስልክ የሚሰራበት ሶፍትዌር የዛ አገር ነው፣ የምሰራበት ላፕቶፕ፣ ኢሜይሌ፣ ከምሰማው ሙዚቃ ግማሹ ከዛ ነው የመጣው፣ የምወዳቸው ሰዎች እዛ ይኖራሉ፣ እኔ ደሞ የዛ አገር ልጆች ሜዳ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ እያየሁ ደስ ይለኛል። ልጆቹ ምን በደሉኝ?

ምንም አልበደሉኝም። ኦንላይን ስገባ ደሞ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አየሁ፣ ቋንቋቸውን እንኳ የማላነበው ሰዎች በሳቅ የሚያለቅሰውን ኢሞጂ ደርድረው ከኔ ጋር እየዘለሉ ነው። ግማሹ ዓለም ስለማያውቃት ትንሽ አገር እንዲህ የሚጨፍረው ለሷ ብሎ እንዳልሆነ ግልፅ ነው።

ጥያቄውን በቀጥታ የጠየቁኝ ግን አንድ አሜሪካዊት ናቸው። ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ነው፣ ትራንዚት ላይ ነበርኩ፣ በረራው ዘግይቶ ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተዘርሯል፣ አጠገቤ በእድሜ ገፋ ያሉ ሴት ተቀምጠዋል፣ የቻርጀሬ ገመድ አልደርስ ብሎኝ ስታገል አይተው ቦታቸውን የለቀቁልኝ። ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናቸው። ስለ ልጅ ልጆቻቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ህመም አወራን። ከዛ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና "አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝ" አሉኝ፣ "ለምንድነው ሰው የሚጠላን? ከአገሬ ስወጣ እኮ ሻንጣዬ ላይ የነበረችውን ባንዲራ ፈትቼ ነው የምወጣው። እኔ በህይወቴ ማንንም በድዬ አላውቅም።"

አመንኳቸው። የቸገረኝም እሱ ነው። እንደዛ ያለ ሰው ፊት ምን ይባላል? ሁላችንም የምንለውን አልኩ፣ ህዝቡን ማንም አይጠላም፣ ፖለቲካው ነው ምናምን። እሳቸው ግን አስተማሪ ናቸው፣ ባዶ መልስ የሚሰጥ ተማሪ ሲያዩ ይገባቸዋል። ዝም ብለው አዩኝ።

ቀላሉ መልስ ቅናት ነው የሚለው ነው። ትንሽ እውነት አለበት አልክድም፣ እኔም ስዘል ውስጤ ትንሽ ቅናት ሳይኖር አይቀርም። ችግሩ መልሱ ለትልቁ አገር በጣም የሚመች መሆኑ ነው፣ ምንም አድርግ አይለውማ፣ ህመሙ ያለው የቀናው ሰው ጋ ነው። ሴፕቴምበር 20 ቀን 2001 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ስቀይር ከምሳሳት) ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ ኮንግረስ ፊት ቆመው አሜሪካኖች ለምን ይጠሉናል ብለው እየጠየቁ ነው አሉና እዛው መለሱት፣ የሚጠሉት ነፃነታችንን ነው፣ የእምነት፣ የመናገር፣ የመምረጥ ነፃነታችንን። ሲናገሩ የነበረው የሴፕቴምበር 11ዱን ጥቃት ስላደረሱት ገዳዮች ነው፣ እሱ ይገባኛል፣ ግን መልሱ ከዛ ወዲህ ቅሬታ ላለው ሰው ሁሉ የሚሰጥ መልስ ሆኖ ቀረ።

እስቲ ቀኖቹን እንያቸው። ጥቃቱ በደረሰ በሁለተኛው ቀን የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ "ሁላችንም አሜሪካውያን ነን" ብሎ ፃፈ። ቴህራን ውስጥ፣ አዎ ቴህራን፣ ወጣቶች ሻማ አብርተው ወጡ። ከዛ 17 ወር ብቻ ቆጥራችሁ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2003 ላይ ስትደርሱ ለንደን፣ ሮም፣ ማድሪድ በሰልፈኛ ተጥለቅልቀዋል፣ የኢራቅ ጦርነት ይቁም እያሉ። በነዚህ 17 ወሮች ውስጥ የአሜሪካ ነፃነት የተለየ ነገር አልሆነም፣ ያው ነው። የተለየው ነገር የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል የተባበሩት መንግስታት ፀጥታው ምክር ቤት ውስጥ ትንሽዬ ብልቃጥ በጣታቸው ከፍ አድርገው ኢራቅ አለው ስለተባለው አንትራክስ (ገዳይ ባክቴሪያ ነው) ማስረዳታቸው ነው፣ በኋላ ጦሩ ኢራቅን ከዳር እስከ ዳር ቢያስስ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ፣ የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሳሪያ ክምችት የለም። በሚቀጥለው ዓመት ደሞ የአሜሪካ ወታደሮች ኢራቅ ውስጥ እስረኞችን ሲያሰቃዩ የሚያሳዩት የአቡ ግሬብ እስር ቤት ፎቶዎች ወጡ። ቱርክ የኔቶ አባል ናት፣ ወዳጅ አገር፣ ፒው የሚባለው የጥናት ማዕከል ሲጠይቅ አሜሪካን በጥሩ አይን የሚያየው ቱርካዊ በ2002 ከ100 ሰው 30 ነበር፣ በ2007 ዘጠኝ። ዘጠኝ ሰው! ቅናት በአምስት ዓመት እንደዚህ አያድግም።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ፣ ምክንያቱም ነገሩን ያበሩልኝ እሳቸው ናቸው፣ ራሳቸው ሳያውቁት። እኔ ስልመጠመጥ ጊዜ "ለምሳሌ ኢራንን ውሰድ" አሉኝ። "እኔ ገና ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ሰዎቻችንን ኤምባሲያችን ውስጥ አገቱብን፣ 52 ሰው፣ 444 ቀን። ከተማሪዎቼ ጋር ግቢያችን ውስጥ ያለው ዛፍ ላይ ቢጫ ሪባን እናስር ነበር። በየቀኑ ቴሌቪዥን ላይ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይቆጥሩ ነበር። እኛ ምን አድርገናቸው ነው?"

የሳቸው ታሪክ የሚጀምረው ኖቬምበር 1979 ላይ ነው። ከዛ በፊት ገፁ ባዶ ነው።

ኢራናዊውን ብትጠይቁት ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከ26 ዓመት በፊት ነው፣ ኦገስት 1953። መሀመድ ሞሳዴቅ የሚባሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፣ ሽማግሌ፣ ብዙ ጊዜ ፒጃማቸውን እንደለበሱ አልጋቸው ላይ ሆነው እንግዳ የሚያነጋግሩ፣ ጠላቶቻቸው የሚስቁባቸው ህዝቡ ግን የሚወዳቸው። ጥፋታቸው በ1951 የኢራንን ነዳጅ የኢራን ማድረጋቸው ነው። ነዳጁ በእንግሊዞች ኩባንያ እጅ ነበር፣ የኩባንያው 51 በመቶ ድርሻ ደሞ የእንግሊዝ መንግስት። ሁለት የስለላ ድርጅቶች፣ የእንግሊዙ ኤምአይ ሲክስና የአሜሪካው ሲአይኤ፣ ተባብረው መፈንቅለ መንግስት አቀነባበሩ፣ ጋዜጣ ተገዛ፣ መንገድ ላይ የሚረብሽ ሰው በገንዘብ ወጣ፣ ጦር መኮንን ተመለመለ፣ ሞሳዴቅ ወደቁ። ሶስት ዓመት ታሰሩ፣ ከዛ በ1967 እስኪሞቱ ድረስ ከቤታቸው እንዳይወጡ ተደረጉ። ነዳጁን የሚያወጣ አዲስ የኩባንያዎች ስብስብ ሲቋቋም የአሜሪካ ኩባንያዎች 40 በመቶውን ያዙ። ንጉሱ፣ ሻሁ፣ ደሞ ለ25 ዓመት ቤተመንግስታቸው ውስጥ ሆነው የሚስጥር ፖሊስ እያሰማሩ ገዙ።

እንግዲህ በ1979 ሻሁ ከአገር ሸሽተው፣ ለህክምና ተብሎ አሜሪካ ሲገቡ ቴህራን ያሉት ተማሪዎች ምን ብለው እንዳሰቡ ገምቱ። የ53ቱ ሴራ የተመራው ከዛው ኤምባሲ ነው፣ አሁንም ሊመልሱብን ነው አሉ። ይሄን የምለው ዲፕሎማት ማገት ልክ ነው ለማለት አይደለም፣ አይደለም፣ እነዛ 52 ሰዎች አብዛኞቹ በ1953 ልጅ ነበሩ። የምለው ሁለቱ ህዝቦች ያንኑ ታሪክ ሲቆጥሩ አንዱ ከአንድ ጀመረ ሌላው ከ26 ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። ድሮ ይሄ ተረት በቂ መልስ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ግን ሳስበው አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሴትየዋ ረስተው አይደለም፣ ሰምተው አያውቁም። መንግስታቸው ራሱ ነገሩን በይፋ በከፊል ያመነው በ2000 ነው፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ በማደሊን ኦልብራይት ንግግር፣ ሲአይኤ የራሱ ሚና በግልፅ የሰፈረበት ሰነድ ይፋ የወጣው ደሞ በ2013። ስልሳ ዓመት! ለትልቁ አገር ያ ቀን ከብዙ ስራዎች አንዱ ነበር፣ ፋይል ተከፈተ ፋይል ተዘጋ። ለትንሹ አገር የዘመኑ ታሪክ ዋናው መታጠፊያ ነው፣ አያት ለልጅ ልጅ የሚነግረው። እና ጥላቻው ውስጥ የሚያናድደው ክፍል ይሄ ይመስለኛል፣ የበደለህ ሰው መንገድ ላይ አግኝቶህ በንፁህ ፊት "ተዋውቀናል እንዴ?" ሲልህ።

ነገሩን የባሰ ያደረገው ሌላ ቀን አለ። ጁላይ 3 ቀን 1988፣ ከባንዳር አባስ ወደ ዱባይ የሚበር የኢራን መንገደኛ አውሮፕላን፣ በረራ ቁጥር 655፣ ገና ከተነሳ ደቂቃዎቹ ነው፣ ቪንሴንስ የተባለው የአሜሪካ ጦር መርከብ ተዋጊ ጄት መስሎት ሚሳይል ተኮሰበት። 290 ሰው፣ ከነሱ ውስጥ 66ቱ ህፃናት። ስህተት ነበር፣ አምናለሁ፣ ሆን ብሎ ህፃናት የጫነ አውሮፕላን የሚመታ ካፒቴን አይደለም። ግን የሚቀጥለውን ስሙ። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1983 ሶቭየቶች የደቡብ ኮሪያን መንገደኛ አውሮፕላን መትተው 269 ሰው ሲገድሉ ፕሬዝዳንት ሬገን ጭፍጨፋ ነው ብለው ዓለምን አንቀሳቅሰው ነበር፣ ልክም ነበሩ። የ655 ጊዜ ግን "እናዝናለን" ተባለ። በዛው ክረምት ለፕሬዝዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት አባትየው ጆርጅ ቡሽ አንድ መድረክ ላይ "ስለ አሜሪካ በፍፁም ይቅርታ አልጠይቅም፣ ሐቁ ምንም ይሁን ምን ግድ የለኝም" አሉ፣ በቀጥታ ስለ አውሮፕላኑ ተጠይቀው አልነበረም ግን ሰሚው እንዴት እንደሚሰማው አስቡት። በ1990 የመርከቧ ካፒቴን ለአገልግሎቱ ሜዳሊያ ተሸለመ። በ1996 ለሟች ቤተሰቦች 61.8 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈል ስምምነት ተደረሰ፣ ጥፋተኛ ነኝ የሚል ቃል ግን የለበትም።

ገንዘቡ አለ፣ ሀዘኑም አለ፣ የጎደለው አንዲት ቃል ናት። ሰው የሞተበት ሰው ያቺን ቃል ነው የሚጠብቀው፣ ሌላውን በኋላ ይደርስበታል።

እዚህ ላይ ለኔ ከሁሉም የሚከብደው ነገር ይመጣል፣ ህጉ ለሌላው ነው ለኔ አይደለም የሚለው ማን አለብኝነት። ጉልበት ብቻውን አያስጠላም። ጎበዝ ሁላችንም እናከብራለን፣ ሰው እንኳ ከጉልበተኛ ጋር ይኖራል ጉልበተኛው በህግ ከገባ። የሚያስጠላው ህጉን እሱ ፅፎት፣ እሱ እያስተማረው፣ በሱ ላይ ሲመጣ ግን በር የሚዘጋው ነው። ጁን 2002 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሁለት የ14 ዓመት ልጆች በመንገድ ዳር በእግራቸው እየሄዱ ነው፣ የጓደኛቸው ልደት ሊሄዱ፣ ልምምድ ላይ ያለ የአሜሪካ ጦር ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ከኋላ መጥቶ ገደላቸው። አገሪቱ የዓለም ዋንጫ እያስተናገደች ስለነበር ወሬው ያኔ ብዙ አልተሰማም። ኖቬምበር ላይ ግን የአሜሪካ ጦር ፍርድ ቤት፣ እዛው ኮሪያ ውስጥ ባለው ካምፑ፣ ሁለቱን ወታደሮች ነፃ ለቀቃቸው፣ የኮሪያ ፍርድ ቤት ሊያያቸው አልቻለም ምክንያቱም በሁለቱ አገሮች ስምምነት ወታደር በስራ ላይ እያለ የሚያጠፋውን የመዳኘት ቅድሚያ የአሜሪካ ነው። ሴኡል በሻማ ተሞላች። በዛ ብርድ ሻማ ይዘው ከቆሙት ሰዎች ብዙዎቹ የአሜሪካ ጦር ቢወጣ ሰሜኑ ይመጣብናል ብለው የሚሰጉ ሰዎች ናቸው እኮ፣ ጠላት አይደሉም። ጣሊያንም ተመሳሳይ ነገር አይታለች፣ ፌብሩዋሪ 1998 አንድ የአሜሪካ ጦር ጄት ካቫሌዜ የሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ላይ ከተፈቀደለት በጣም ዝቅ ብሎ በርሮ የኬብል መኪናውን ገመድ ቆረጠው፣ 20 ሰው ተፈጠፈጠ። አብራሪው በሰው ግድያው ክስ አሜሪካ ውስጥ ነፃ ወጣ፣ በኋላ የታሰረው በበረራው ላይ የተቀረፀውን ቪዲዮ በማጥፋቱ ነው፣ እሱም ለወራት።

በ2002 ደሞ የአሜሪካ ኮንግረስ አንድ ህግ አወጣ፣ ሄግ ያለው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አሜሪካዊ ቢያስር ፕሬዝዳንቱ ለማስለቀቅ አስፈላጊውን መንገድ ሁሉ መጠቀም ይችላል የሚል። ሰው "የሄግ ወረራ ህግ" ብሎ ቀለደበት። በ2020 የፍርድ ቤቱ ዋና አቃቤ ህግ ፋቱ ቤንሱዳ ላይ አሜሪካ ማዕቀብ ጣለች፣ በ2023 ግን ያው ፍርድ ቤት ፑቲን ላይ የእስር ማዘዣ ሲያወጣ ከዋሽንግተን "ተገቢ ነው" ተባለ። የፑቲን ጉዳይ ተገቢ ነው፣ እኔም እላለሁ። ግን ያየ ሰው ይስቃል። ቻይናም ብትሆን ከዚህ አትሻልም፣ በ2016 ሄግ የተሰየመው የግልግል ችሎት በደቡብ ቻይና ባህር ጉዳይ ለፊሊፒንስ ሲፈርድ አንድ የቻይና ምክትል ሚኒስትር ውሳኔውን ተራ ወረቀት ነው አሉት።

ትልቁን ነገር ትቼ ትንሹን ላንሳ። አንዴ የአንድ ትልቅ አገር ኤምባሲ ለቪዛ ቀርቤ ነበር። ሶስት ሳምንት ወረቀት ስሰበስብ ከርሜ፣ በፕላስቲክ ፎልደር በቅደም ተከተል አሰካክቼ፣ ሸሚዝ ተኩሼ። በመስታወቱ ማዶ ያለው ልጅ ከኔ በእድሜ ያንሳል። ፎልደሩን አልነካውም። ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ሁለተኛውን መልሼ ሳልጨርስ በመስታወቱ ስር ባለችው ጠባብ ክፍተት ፓስፖርቴን ከአንዲት ቀድማ ከታተመች ወረቀት ጋር ገፋልኝ። ለምን አልኩት። "ወረቀቱ ላይ አለ" አለኝ፣ አይኑ ከኔ በስተኋላ ወደቆመው ሰው ሄዷል። ወረቀቱ ላይ የኔ ስም እንኳ የለም፣ ለሁሉም የሚሰጥ ነው። እንግዲህ ማንም አልደበደበኝም፣ አገር የራሱን በር የመዝጋት መብት አለው፣ ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ጨዋታ ሳይ የዘለለው ሰውዬ ማን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ያ ፎልደሩን ይዞ የወጣው ሰውዬ ይመስለኛል። እንደኔ አይነቱ ደሞ በየቀኑ ከየመስታወቱ ስር ስንቱ ይወጣል።

ስለ አሜሪካ አበዛሁ አይደል። የዘመናችን ትልቅ እሷ ስለሆነች ነው እንጂ ሌሎቹም በተራቸው እንደዛው ናቸው። ሶቭየት ህብረትን ውሰዱ። በ1945 ፕራግ ከናዚ ስትላቀቅ የቀይ ጦር ወታደር በአበባ ነው የተቀበሉት፣ ታንክ ላይ ወጥተው እየሳሙ፣ ለምስጋና አንድ ታንክ አደባባይ ላይ በድንጋይ ላይ አቆሙ። ከ23 ዓመት በኋላ ኦገስት 1968 ያው ጦር ከነአጋሮቹ ተመልሶ መጣ፣ የቼኮዝሎቫኪያውን መሪ የዱብቼክን ለዘብ ያለ ሶሻሊዝም ሊያጠፋ፣ ስሙ "የወንድማማች እርዳታ" ነው። ህዝቡ መሳሪያ የለውም፣ ያለው ቀለምና ብሩሽ ነው፣ በአንድ ሌሊት የመንገድ ምልክቶችን ነቃቀሉ፣ የቀሩትን ቀለም ቀቡ፣ ታንኮቹ የት እንዳሉ ጠፋቸው፣ ሳይነካ የተተወው ምልክት ወደ ሞስኮ የሚያመለክተው ነው። ወጣቶቹ ታንኩ ላይ ያሉትን ወታደሮች ከበው በሩሲያኛ ይጠይቋቸው ነበር፣ ትምህርት ቤት በግድ የተማሩት ሩሲያኛ አንድ ቀን ጠቀማቸው፣ "ለምን መጣችሁ?" እያሉ። ብዙዎቹ ወታደሮች ልጆች ናቸው፣ ልናድናችሁ ነው የመጣነው የሚል ነው የተነገራቸው፣ ግራ ገብቷቸው ያያሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ግራ መጋባት የኔዋ አስተማሪ ፊት ላይ ያየሁት ነው፣ እኛ ምን አድርገናቸው ነው የሚለው።

ከዛ ማርች 1969 መጣ፣ ስቶክሆልም ላይ የበረዶ ሆኪ የዓለም ሻምፒዮና። ቼኮዝሎቫኪያ ሶቭየትን ሁለቴ ገጠመች፣ መጀመሪያ 2 ለ 0፣ በሳምንቱ 4 ለ 3፣ ሁለቱንም አሸነፈች። አንዳንዶቹ ተጫዋቾች ማልያቸው አርማ ላይ ያለችውን ቀይ ኮከብ በፕላስተር ሸፍነው ነበር፣ ሲያልቅ የሶቭየቶቹን እጅ አልጨበጡም። ህዝቡ "እናንተ በታንክ እኛ በጎል" እያለ ፕራግ ዋናው አደባባይ ላይ ወጣ፣ የሶቭየቱ አየር መንገድ የኤሮፍሎት ቢሮ ተሰባበረ። ሞስኮ በዛ አሳብባ ጫናውን አከበደች፣ ዱብቼክ በሚቀጥለው ወር ከመሪነት ተነሱ። እና የሶቭየቶቹ ተጫዋቾች ምን በደሉ? ምንም። የኔዎቹም ምንም። ግን ትንሽ አገር ትልቁን የሚያገኘው እኩል ለእኩል፣ ዳኛ ባለበት፣ ስንት ቦታ ነው? ሜዳ ላይ ብቻ ነው እኮ። ፀጥታው ምክር ቤት ውስጥ አምስቱ ቋሚ አባላት ድምፅን በድምፅ የሚሽሩበት መብት አላቸው፣ ሆኪ ላይ የለም።

የ1945ቱን ታንክ ኤፕሪል 1991 አካባቢ አንድ የጥበብ ተማሪ ሮዝ ቀለም ቀባው። የአበባው ታንክና የ68ቱ ታንክ አንድ አይደሉም፣ ሰው አይን ላይ ግን አንድ ሆነው ቀሩ፣ ከናዚ ነፃ ለማውጣት የሞቱት ወታደሮች በማያውቁት እዳ ተከፈለባቸው። ይሄ ያሳዝነኛል።

የማስተማር ነገርም አለ፣ ባጭሩ ልለፈው፣ በ2007 የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ሳርኮዚ ዳካር ዩኒቨርሲቲ ሄደው የአፍሪካ ሰው ወደ ታሪክ ገና በበቂ አልገባም አሉ፣ ለአፍሪካውያን፣ አፍሪካ ውስጥ፣ እንግዳ ሆነው። ፈረንሳይ ከ15 ዓመት በኋላ ጦሯ ከማሊ ሲወጣ፣ ቀጥሎ ከኒጀር ሲወጣ፣ መንገድ ላይ ለምን እንደተጨፈረ ባለሙያዎች ብዙ ነገር ይላሉ፣ የራሺያ ፕሮፓጋንዳ፣ የፀጥታው መክሸፍ፣ ሁሉም አለበት። እኔ ግን ያ ንግግር ትዝ ይለኛል።

አሁን ደሞ የራሴን ሀሳብ የሚያበላሽብኝን ነገር ላምጣ። ቬትናም። በደል ቢቆጠር አሜሪካን ለመጥላት ቬትናምን የሚቀድማት ማን አለ? ቦምቡ፣ ኤጀንት ኦሬንጅ የሚባለው መርዝ፣ ሚሊዮኖች የሞቱበት ጦርነት። በ2017 ፒው ሲጠይቅ ግን ከ100 ቬትናማዊ 84ቱ አሜሪካን በጥሩ አይን ነው የሚያየው። መጀመሪያ ሳየው ቁጥሩ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። አንደኛው ምክንያት አብዛኛው ህዝብ ከጦርነቱ በኋላ የተወለደ ነው፣ ሁለተኛው እነሱ አሸንፈዋል፣ ያሸነፈ ሰው ቂም መያዝ ያን ያህል አያስፈልገውም (ይሄኛው የኔ ግምት ነው)፣ ሶስተኛውና ትልቁ ግን አሜሪካ ሄደች፣ ቻይና ግን ጎረቤት ናት፣ ጎረቤት ደሞ አይሄድም። በ1979 ወርራቸዋለች፣ በ2014 የእኛ ባህር ነው በሚሉት ላይ የነዳጅ መቆፈሪያ ተክላ ከተሞቻቸው ውስጥ ረብሻ ተነስቷል።

ኮሶቮም እንደዛው ናት። በ1999 የኔቶ ቦምብ ኮሶቮን ከሰርቢያ ጦር ለማስጣል ተብሎ 78 ቀን ሲወርድ የሰርቢያ ዋና ከተማ ቤልግሬድ ውስጥ ያለ ሰው አሜሪካን እስከ ዛሬ በምን አይን እንደሚያይ ይገባችኋል፣ የኮሶቮ ዋና ከተማ ፕሪሽቲና ውስጥ ግን የቢል ክሊንተን ሀውልት አለ፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው በስማቸው በተሰየመው ጎዳና ላይ የቆሙ፣ በ2009 ሲመረቅ ራሳቸው ተገኝተዋል። ያው ቦምብ፣ ያው አውሮፕላን። የወደቀበት ወገንና ያዳነው ወገን ልዩነት ነው።

ስለዚህ ጥላቻው የበደል ሒሳብ ብቻ አይደለም። ደሞ ጥላቻው ራሱ ንፁህ አይደለም፣ የሚነግዱበት አሉ። ህዝቡን የዘረፈ መሪ ሁሉ ሲጨንቀው የሚያወጣት ካርድ ናት፣ የውጭ ሴራ ነው፣ ኃያላኑ ናቸው። ኢራን ውስጥ ያሉት ገዢዎች የሞሳዴቅን ቁስል ለስንት ዓመት ሲበሉበት ኖረዋል፣ በህይወት ቢኖሩ ሞሳዴቅን ራሳቸው እስር ቤት ያስገቧቸው ነበር ብዬ ነው የማስበው። እኔም ብሆን በዛ ጨዋታ ስዘል ከኢራናዊው ቁስል ላይ ትንሽ ተበድሬ ነው፣ የኔ በደል ያቺ ወረቀት ናት እንጂ።

ሊቀየርም ይችላል፣ ይሄን ሳልል ባልፍ ልክ አይደለም። የኢራቅ ጦርነት በተጀመረበት ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ አሜሪካን የሚወደው ከ100 ሰው 15 ነበር። በ2004 መጨረሻ ሱናሚው አቼን ሲጠርጋት አብርሃም ሊንከን የተባለችው የጦር መርከብ ባህሩ ላይ ቆማ ሄሊኮፕተሮቿ መንገድ የተቆረጠባቸው መንደሮች ድረስ ውሀና ምግብ አመላለሱ። በ2005 ቁጥሩ 38 ሆነ። ያው ጦር ነው፣ ያው ፕሬዝዳንት፣ የኢራቁም ጦርነት አልቆመም። ውሀ የጫነ ሄሊኮፕተር መንደርህ ሲያርፍ ግን ታየዋለህ፣ ማብራሪያ አይፈልግም።

ትራንዚቱ ላይ ይሄን ሁሉ አልተናገርኩም፣ ማን እንደዛ ያወራል። ለሴትየዋ የ1953ቱን ነገር ብቻ ነው የነገርኳቸው፣ የማውቃትን ያህል፣ እየተንተባተብኩ፣ ቢጫ ሪባኑን እንዳላንቋሽሽባቸው እየፈራሁ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ "ይሄን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም" አሉ፣ ቀጥለው ደሞ በጣም ቀስ ብለው "እኔም አላስተማርኩም" አሉ። ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አወጡና የሰውየውን ስም ፃፍልኝ አሉኝ። የቦርዲንግ ፓሳቸው ጀርባ ላይ በትልልቁ ፃፍኩላቸው፣ በየትኛው ፊደል እንደሚፃፍ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም፣ ሁለት አይነት አድርጌ ፃፍኩት። አንብበው በአፋቸው ሞከሩት፣ ሞ ሳ ዴቅ፣ እንደ ክፍል ተማሪ።

በረራው መጣ፣ ተሳፈርን፣ ስንደርስ ፓስፖርት መፈተሻው ጋ በሁለት ሰልፍ ተለያየን። የሳቸው ሰልፍ ሰው ወደ ካሜራው ቀና እያለ የሚያልፍበት ነው። ካለፉ በኋላ ዞር ብለው ፈለጉኝ፣ ያቺን ቦርዲንግ ፓስ ከፍ አድርገው አሳዩኝና እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እኔ ፎልደሬን በብብቴ ይዤ ከፊቴ ያሉትን ሰዎች ቆጠርኩ፣ ወደ አርባ ይሆናሉ፣ ከሶስቱ መስኮቶች የተከፈተው አንዱ ነው።